የአሮጌ ፎቶግራፍ ማንሻ ዋጋ በምን ይመዘናል

ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ባለቤቱ በልቡ የሚሰጠው ነው፤ ሁለተኛው ገዢ በእጁ ቆጥሮ የሚያወጣው ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ የተስማሙ እንደ ሆነ ገበያ ይቆማል፤ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ግን ወይ ሻጭ ተበድሎ ይሄዳል፥ ወይ ገዢ ተታሎ ይመለሳል። አዲስ ዕቃ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ የሠራው ፋብሪካ ተምኖ ይልከዋልና። አሮጌ ዕቃ ሲሆን ግን የሠራው ሰው ሞቷል፥ የሸጠው ሱቅ ተዘግቷል፥ ስለ ዋጋው የሚመሰክር ራሱ ዕቃው ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌ ዕቃን መተመን መጽሐፍ እንደ ማንበብ ነው፤ ፊደሉን ያልቈጠረ ሰው ብራናውን እንጂ ቃሉን አይገዛም።

በጎጃም አውራ ጎዳና ላይ በተቀመጡት ከተሞች፥ በደምበጫ፥ ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፥ ከዚያም ወዲህ በቆጋ ወንዝ አካባቢ ባለው ገጠር፥ ይህን ጥያቄ የሚያስነሣ አንድ ዕቃ አለ። እርሱም በፊልም ይሠራ የነበረው የቀድሞው ፎቶግራፍ ማንሻ፥ በተለመደው ስሙ ካሜራ ነው። የፎቶግራፍ ቤት አቁሞ ልጆቹን ያሳደገ አባት ሲሞት ካሜራው ከነቆዳ ማኅደሩ ለወራሾች ይቀራል። ከወራሾቹ አንዱ «ይህ የዛገ ብረት ነው፥ ለቆራሌው ይሰጥ» ይላል፤ ሌላው «በፈረንጅ አገር እንዲህ ያለው በሚሊዮን ተሸጧል» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ስለ ተናገሩ፥ ብልህ ነጋዴ መጥቶ በመካከላቸው ያተርፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ስለዚህ ነው።

ይህን የመመርመር ጥበብ ግን ለጎጃም ገበያ እንግዳ አይደለም። የካሜራን ዋጋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አያቶቹ ጠገራ ብርን እንዴት እንደ መረመሩ ቢያስታውስ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው ማርያ ትሬዛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ሞተች። መልኳ የተቀረጸበት ብር ግን ከእርሷ ጋር አልሞተም። በምሥራቅና በአፍሪካ ያሉ ነጋዴዎች ያንን መልክ ለምደውት ሌላውን አንቀበልም ስላሉ፥ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ የ1780 ዓመት እየተጻፈበት ወጣ። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ከመቶው እጅ 83 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በኢትዮጵያም ከጐንደር እስከ ባሶ፥ ከባሶም ዐባይን ተሻግሮ እስከ ወለጋ ድረስ የትልቁ ንግድ ገንዘብ እርሱ ሆነ። የጎጃም ነጋዴ ብሩን ሲቀበል ዝም ብሎ ወደ ከረጢቱ አይጨምረውም ነበር። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት የዕንቍ ነጠብጣቦች ጥርት ብለው መታየታቸውን ይመለከታል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል፤ ያለቀ፥ የተፋቀ፥ ወይም ተበስቶ ለጌጥ የዋለ እንደ ሆነ ይመልሰዋል ወይም ያረክሰዋል።

ከዚህ ብር ሦስት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፥ በዕቃ ላይ የተጻፈ ዓመት ሁሉ የዕቃውን ዕድሜ አይመሰክርም። በ1930ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ጣሊያኖች በሮም፥ እንግሊዞችም በለንደን ያንኑ ብር ሲመቱ የጻፉበት ዓመት ያው 1780 ነበር። ሁለተኛው፥ ልማድና መታመን ራሱ ዋጋ ነው። ዐፄ ምኒልክ መልካቸው ያለበትን፥ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን ብር በፓሪስ አስመትተው ቢያመጡ፥ ክብደቱም ጥራቱም ከቀድሞው የማያንስ ሆኖ ሳለ፥ የባላገሩ ገበያ ብዙ ዘመን የለመደውን የሴቲቱን ብር መረጠ። ሦስተኛው፥ ጉዳት ከዋጋ ላይ ይነሣል፤ የሚነሣውም መጠን ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ይወሰናል። ጠርዙ የተጫረ ብርና መካከሉ የተበሳ ብር እኩል አይደሉም።

የአሞሌ ጨውም አራተኛ ትምህርት አለው። ከአፋር በረሃ ተቈርጦ በትግራይ ሲሸጥ ርካሽ የነበረው አሞሌ፥ ተራራውንና ወንዙን ተሻግሮ ጎጃም ሲደርስ ይወደድ ነበር፤ ከዐባይ ማዶ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይወደድ ነበር። ጨውነቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ስለዚህ «ዋጋው ስንት ነው» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «የት» ብሎ መጨመር ይገባዋል።

አሁን ወደ ካሜራው እንመለስ። ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከጽርዕ የመጣ ሆኖ ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። የፈረንሳዩ ዳጌር የፈለሰፈው ዘዴ በአውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 19 ቀን 1839 በፓሪስ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተገለጠ። ያን ጊዜ ሥዕሉ የሚቀረጸው በብር በተለበጠ የመዳብ ገበታ ላይ ነበር፤ አንዱ ሥዕል አንድ ብቻ ነው፥ ሁለተኛ ቅጂ አይወጣለትም። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ታልቦት አንዱን የብርሃን ጽሕፈት ወደ ብዙ ቅጂ የሚያበዛውን ዘዴ አመጣ፤ ነጌቲቭ የሚባለውም ከዚያ ተወለደ።

ጥበቡ ለኢትዮጵያ በሰፊው የታወቀው ከጦርነት ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችን ከነመሣሪያቸው በእንስሳት አስጭኖ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር በተወሰደበት በዚያው ዓመት፥ በሐምሌ ወር፥ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ሴት ሥዕሉን አንሥታዋለች። የሕፃኑ ኀዘን እስከ ዛሬ የሚታየው በዚያ የብርሃን ጽሕፈት ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ካሜራ ከድንኳን ወጥቶ ቤተ መንግሥት ገባ። በመጀመሪያ ጊዜ አንዳንድ የቤተ መንግሥት ሰዎች ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ቢሉ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ይህ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብለው እንደ ገሠጹአቸው ተጽፏል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። እርሱ በ1928 ሲሞት ሥራው ወደ ልጁ ወደ ሃይጋዝ፥ ከሃይጋዝም ወደ ሌላው ልጁ ወደ ቶርኮም ተላለፈ። አንድ ቤተ ሰብ ከምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመንግሥቱን መልክ በብርሃን ጻፈ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተደረገውንም የዘውድ በዓል የውጭ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች መጥተው አነሡት፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በአውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 1931 በቀለም አትሞ አወጣው።

ጎጃምም የራሱ ድርሻ አለው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ፥ የነጻነቱ ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ በበላያ፥ በቡሬና በደምበጫ አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ አመራ። በዚህ መንገድ ላይ ካሜራ አብሮ ተጓዘ። በለንደን በሚገኘው የጦርነት ሙዚየም በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. በደምበጫ ምሽግ ውስጥ የተነሣ ሥዕል ይገኛል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመካከል፥ ብርጋዴር ሳንድፎርድና ኮሎኔል ዊንጌት በግራና በቀኝ ቆመው ይታዩበታል። የደምበጫ ሰው ዛሬ ያንን ምሽግ በዚያ ቀን እንደ ነበረ ሊያይ ቢፈልግ የሚያየው በአንድ ትንሽ መስተዋት ውስጥ ባለፈ ብርሃን ነው። ያ መስተዋት የተገጠመበት ካሜራ ዛሬ ቢገኝና ማንነቱ በማስረጃ ቢረጋገጥ፥ ዋጋው ከአምሳያዎቹ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት በበዙ ቍጥር የፎቶግራፍ ቤትም በየከተማው በዛ። ለመታወቂያ፥ ለትምህርት ቤት ምዝገባ፥ ለሠርግና ለምርቃት ሥዕል ያስፈልግ ነበርና። የጀርመን፥ በኋላም የጃፓንና የሶቪየት ካሜራዎች በየገበያው ገቡ። የሶቪየቱ ዜኒት በሚሊዮን የሚቈጠር ስለ ተሠራ ርካሽና ጠንካራ ሆኖ በብዙ አገር ተሰራጨ። ከዚያ በኋላ ፊልም የማይፈልገው ካሜራ መጣ። የመጀመሪያውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 የሠራው ስቲቭ ሳሶን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ ነው። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ያ ፍልስፍና የተወለደበት ኮዳክ ራሱ በጥር 2012 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ገባ። የፊልም ካሜራ ዋጋ በዓለም ሁሉ ወረደ፤ ብዙዎቹም ወደ ሣጥን ታች ተጣሉ። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በውጭ አገር ያሉ ወጣቶች ወደ ፊልም ተመለሱ፤ ዋጋውም እንደ ገና ተነሣ። ሌይካ በ2022 የቀድሞ ካሜራውን እንደ ገና መሥራት ጀመረ፤ ፔንታክስም በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ አወጣ። ስለዚህ የዛሬው ወራሽ በእጁ የያዘው የሞተ ዕቃ አይደለም፤ ሞቶ የተነሣ እንጂ።

እንግዲህ ዋጋው በምን ይመዘናል? የመጀመሪያው ሚዛን ብዛት ነው። ብዙ ሰው «አሮጌ ነውና ውድ ነው» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ኮዳክ በ1900 ብራውኒ የተባለ ከካርቶን የተሠራ ካሜራ በአንድ ዶላር ሸጠ፤ እጅግ ብዙ ስለ ተሠራም፥ የብራውኒ ወገን የሆነ ካሜራ ዛሬ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ቢያልፍም በርካሽ ይገኛል። በአንጻሩ በ1839 በፓሪስ በዢሩ ቤት ከተሠሩት የዳጌር ካሜራዎች አንዱ በ2010 በቪየና ሐራጅ በ732,000 ዩሮ ተሸጧል። ሁለቱም አሮጌ ናቸው፤ የለያቸው በዓለም ላይ የቀረው ቍጥርና የሚፈልጋቸው ሰው ብዛት ነው። ዕድሜ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

ሁለተኛው ሚዛን ማንነት ነው። በካሜራው አናት ላይ የሠሪው ስምና ተራ ቍጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ በተራ ቍጥሩም የታወቁት ፋብሪካዎች ካሜራ በየትኛው ዓመት እንደ ተሠራ ይታወቃል። ነገር ግን በጠገራ ብር እንደ ታየው ጽሑፍ ብቻውን አይታመንም። በካርኮቭ ከተማ ፌድ የተባለ፥ ኋላም በሞስኮ አጠገብ ዞርኪ የተባለ፥ በሌይካ አምሳል የተሠራ የሶቪየት ካሜራ ነበር። አታላዮች የእነዚህን ስም ፍቀው «ሌይካ» ብለው ይቀርጹበታል፤ ገላውን በወርቅ ቀለም ይለብጡታል፤ የጀርመን ጦር ምልክትም ይጨምሩበታል። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ያገኛል፤ ይህን ካሜራ የሚገዛ ሰው ግን ወርቁን ገልጦ ሰሙን ያገኛል። መለያው በውስጥ ነው። ሌንሱ ሲፈታ ርቀት ለካሹን የምትገፋ ትንሽ ክንድ ትታያለች፤ በእውነተኛው ሌይካ ጫፏ እንደ መንኰራኵር ክብ ናት፥ በሶቪየቱ ግን እንደ ሽብልቅ የሾለች ናት። አያት የዘውዱን ዕንቍ እንደ ቈጠረ የልጅ ልጅ ደግሞ ይህችን መንኰራኵር ይፈልግ።

ሦስተኛው ሚዛን ጤንነት ነው። ካሜራ በመልኩ አይመዘንም። ቆዳው የተላጠ፥ ቀለሙ የለቀቀ ሆኖ በትክክል የሚሠራ አለ፤ እንደ አዲስ አብረቅርቆ ውስጡ የሞተም አለ። ከሁሉ በፊት ሌንሱ ይታይ። መብራት ከበስተኋላው አድርጎ በመስተዋቱ ውስጥ ሲመለከቱ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ክረምቱ በሚረዝምበት አገር በቆዳ ማኅደር ተዘግቶ፥ በሣጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ካሜራ ይህ በሽታ ቶሎ ያገኘዋል፤ እርጥበትና ጨለማ የሻጋታ እናትና አባት ናቸውና። ገና የጀመረ እንደ ሆነ ባለሙያ ያጸዳዋል፤ የቈየ እንደ ሆነ ግን መስተዋቱን ይበላዋል፥ አይመለስም። ጥቂት ጭረት ያለበት ሌንስ እንኳ ከዚህ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ሻተር የሚባለው መዝጊያ ይፈተን። በፈጣኑ ፍጥነት ሁሉም ካሜራ የሚሠራ ይመስላል፤ ድካሙ የሚገለጠው በዝግተኛው ነው። አንድ ሰኮንድ ላይ አድርገው ሲጫኑት መዝጊያው ተከፍቶ ከቀረ ወይም እየተንቀጠቀጠ ከዘጋ ቅባቱ ደርቋል። መዝጊያው ጨርቅ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ብርሃን አንሥቶ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ነገር አለመኖሩን መመልከት ይገባል። እንደ ወናፍ የሚታጠፍ ካሜራ ከሆነ ወናፉ በማጠፊያው ላይ አለመቀደዱ፥ የጃፓን ካሜራ ከሆነ በጀርባ በሩ ዙሪያ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ ሟምቶ አለመጣበቁ ይታያል። በብርሃን መለኪያው ላይ ብዙ ተስፋ አይጣል፤ በሴሌኒየም የሚሠራው ከዘመን ብዛት ይደክማል፥ በሜርኩሪ ባትሪ ይሠራ የነበረውም ባትሪው በሕግ ስለ ተከለከለ የሚተካለትን መፈለግ ግድ ይሆናል።

አራተኛው ሚዛን ምስክር ነው። በ1923 ጀርመን አገር በሌይትዝ ፋብሪካ ለሙከራ ከተሠሩት ሃያ ጥቂት ካሜራዎች፥ 122 ቍጥር ያለው በ2018 በ2.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። 105 ቍጥር ያለው ግን በ2022 በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ሠሪያቸው አንድ፥ ተራቸው አንድ፥ ዘመናቸው አንድ ሆኖ ሳለ ኋለኛው ስድስት እጥፍ አወጣ። ከልዩነቱ ዋናው ምክንያት ኋለኛው የፈልሳፊው የኦስካር ባርናክ የራሱ ካሜራ መሆኑና ስሙ በላዩ መቀረጹ ነው። እንግዲህ በሚሊዮን ተሸጠ የሚለው ወሬ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተሸጠው ብረቱና መስተዋቱ ብቻ አይደለም፥ ታሪኩ ነው። ታሪክ ደግሞ በቃል ብቻ አይሸጥም። የግዢ ደረሰኝ፥ ባለቤቱ ካሜራውን ይዞ የተነሣው ሥዕል፥ በዚያው ካሜራ የተነሡ ሥዕሎች ከነቀናቸው፥ እነዚህ ካሜራውን ከአምሳያዎቹ ለይተው ያስከብሩታል።

አምስተኛው ሚዛን ቦታ ነው። በዚህ የአሞሌው ትምህርት ይመለሳል፤ ፊልም የሚሸጥበት፥ የሚታጠብበትና ካሜራ የሚጠግን ሰው ያለበት ከተማ፥ እነዚህ ከሌሉበት ከተማ ይልቅ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ነገር ግን ወደዚያ ለመድረስ የመላኪያ ገንዘብ፥ የደላላ ድርሻ፥ የጉምሩክ ወጪም አለ። ከዚህም ጋር ሻጭ የሚጠይቀውና ገዢ የሚከፍለው አንድ አለመሆናቸውን ማስተዋል ያሻል። አንድ ሰው ለካሜራው መቶ ሺህ ብር ቢጠይቅና ሦስት ዓመት ሳይሸጥለት ቢቀር፥ መቶ ሺው ዋጋ አይደለም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሚታመነው በእርግጥ የተሸጠበት ገንዘብ ነው፤ እርሱም አንድ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት አራት ሽያጭ ተያይቶ መካከለኛው ይወሰዳል።

ሒሳቡ ለምሳሌ ያህል እንዲህ ይሠራል። አንድ ዓይነት ካሜራ ጤነኛ ሆኖ በቅርቡ በ20,000 ብር ተሽጧል እንበል። የወራሹ ካሜራ ግን ዝግተኛው መዝጊያ አይሠራም፤ ማስጠገኛው 4,000 ብር ነው። በሌንሱም ላይ ጥቂት ሻጋታ ስላለ ከጤነኛው ዋጋ አምስተኛው እጅ፥ ማለት 4,000 ብር ይቀነሳል። የቀረው 12,000 ብር ነው። ደላላው ከመቶ አሥር ሲወስድ 1,200 ብር ይነሣል፤ በወራሹ እጅ የሚገባው 10,800 ብር ነው። መዝጊያውን አስጠግኖ ቢሸጠውስ? በ16,000 ብር ይሸጣል፤ ደላላው 1,600 ይወስዳል፥ ጠጋኙ 4,000 ይወስዳል፥ የቀረው 10,400 ብር ነው። ስለዚህ ጥገናው 400 ብር አከሰረው ማለት ነው። ነገር ግን ገዢው የማያውቀውን ጉዳት ፈርቶ ለመዝጊያው ስለ 4,000 ፈንታ 6,000 ብር የሚቀንስ ከሆነ፥ ያልተጠገነው በ10,000 ተሸጦ ከደላላው በኋላ 9,000 ብር ብቻ ይገባል፤ ያን ጊዜ ማስጠገኑ ይሻላል። ከጥገናው በፊት ግን ርካሹ መድኀኒት መፈተን ነው። አንድ ፊልም አንሥቶ፥ አሳጥቦ፥ ሥዕሉን ለገዢ ማሳየት ጥርጣሬን ያስወግዳል፤ ጥርጣሬ ደግሞ ከጉዳት ይልቅ ዋጋ ያወርዳል።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ከካሜራው አጠገብ፥ በዚያው ሣጥን ውስጥ፥ ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ ወይም በወረቀት የተጠቀለለ የነጌቲቭ ክምር ይገኛል። ካሜራው ይሸጣል፤ ነጌቲቩ ገዢ የለውምና ይጣላል ወይም ይቃጠላል። በሒሳብ ሲታይ ምንም አልጠፋም። ነገር ግን የተለመደው አንድ ፊልም 36 ሥዕል ይይዛል፤ መቶ ፊልም ቢጣል 3,600 ሥዕል ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ውስጥ በአንድ ከተማ የኖሩ መምህራን፥ ካህናት፥ ነጋዴዎች፥ ሙሽሮች፥ ለፈተና ለመመዝገብ መጀመሪያ ጊዜ ሥዕላቸው የተነሣ የገበሬ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ሌላ ሥዕል የላቸውም። የልዑል ዓለማየሁ መልክ የቀረው አንድ ሰው ስለ ጠበቀለት ነው፤ የእነዚህን መልክ ግን የሚጠብቅ ጎረቤት እንኳ ላይኖር ይችላል።

ካሜራ በሺህ የሚቈጠር አምሳያ አለው፤ አንዱ ቢሸጥ ሌላው በሌላ ከተማ ይገኛል። ነጌቲቭ ግን አምሳያ የለውም። ገበያ ለሚተካው ነገር ገንዘብ ሲሰጥ ለማይተካው ምንም አለመስጠቱ የገበያ ክፋት አይደለም፤ ገበያ የሚያውቀው የሚሸጠውን ብቻ ስለ ሆነ ነው። የቀረውን ማወቅ የወራሽ ፈንታ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የቀድሞ ፎቶግራፎችን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም አለ። ከዚህ በፊት ግን በቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ነገር አለ። ነጌቲቩን ከእርጥበት ጠብቆ በንጹሕ ወረቀት መጠቅለል፥ ሽማግሌዎች ሳያልፉ የሚያውቁትን ሰው ስም ማስጻፍ፥ ዓመቱንና ቦታውን መመዝገብ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም።

ደግሞም ጥቅሙ ለመታሰቢያ ብቻ አይደለም። ቀድሞ እንደ ተባለው ካሜራን ከአምሳያዎቹ የሚለየው ምስክሩ ነው፤ የካሜራው ምስክር ደግሞ ያ የተጣለው ነጌቲቭ ነው። ነጌቲቩን አቃጥሎ ካሜራውን የሚሸጥ ወራሽ የርስቱን ደብዳቤ ቀድዶ መሬቱን ለገበያ እንደሚያወጣ ሰው ነው። ሁለቱን አብሮ የጠበቀ ግን፥ ሊሸጥ ቢወድ በሚገባው ዋጋ ይሸጣል፤ ሊያስቀምጥ ቢወድ የከተማውን መልክ ለልጅ ልጅ ያቈያል።

የባሶና የቡሬ ነጋዴ ጠገራውን ብር ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን የሰማው በንግሥቲቱ መልክ ስላልተታለለ ነበር። ካሜራውንም አስቀድሞ ማዳመጥ፥ ቀጥሎ መመርመር፥ በመጨረሻ መቍጠር ይገባል። ቍጥሩ ከምርመራው የቀደመ እንደ ሆነ ሻጭም ገዢም ይሳሳታሉ፤ ከምርመራው በኋላ የመጣ እንደ ሆነ ግን ማንም ማንንም ሳይበድል፥ ዕቃውም ታሪኩም በየሚገባው እጅ ይገባል።